ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ለመታወቂያ ጉዳይ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል "አባባ፣ ሲስተም የለም" አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ጎረምሶች ኮምፒውተሩንም፣ የሠራውንም፣ የገዛውንም ረገሙ። አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ "እርስዎም ይናገሩ እንጂ አባባ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ይሰማሉ" አለኝ። አልናገርም አልኩት። እኔ ኮምፒውተር አላማም። ለምን እንደማላማ ልነግረው ብጀምር ደግሞ ሳልጨርስ ሲስተሙ ይመጣል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ካፊያውን እያየሁ ለራሴ ነገርኩት።

አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ሆሄውን ልጄ ታርማለች። ነገሩን ግን እንዳትነካው ነግሬያታለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጉለሌ ውስጥ አንድ የተወረሰ የጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ እዚያ ተሸካሚ ነበርኩ። ፈትል ክፍል የተፈተለውን ክር በጆንያ ተሸክሜ መጋዘን አስገባለሁ፤ ከመጋዘን ደግሞ ወደ ሽመና ክፍል አወጣለሁ። ፈትል ክፍል ውስጥ ክሩ እንዳይበጠስ ከጣራው ውሃ እንደ ጉም ይረጫል፤ ገብቶ የወጣ ሰው ፀጉሩ ላይ ጤዛ ይዞ ነው የሚወጣው። መጋዘኑ ግን ቆርቆሮ ነው። በክረምት ግድግዳው ያልበዋል፤ በበጋ ከእንጦጦ የሚወርደው ደረቅ ነፋስ በየቀዳዳው እየገባ ከንፈር ይሰነጥቃል። ክሩ ሲገባ ይመዘናል፣ ሲወጣም ይመዘናል። ድሮ የነበረው ፈረንጅ መሐንዲስ የክርን ጠባይ ያውቅ ነበር ይባላል። ከውርሱ በኋላ አገሩ ገባ፤ ያወቀውን ይዞት ሄደ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ጴንጤ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ጴንጤ መሆን ብቻውን በክፉ መዝገብ ስም ያስይዝ ነበር። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ። ረቡዕ ቀን ምሳቸውን ሲከፍቱ ፊቴን ሳዞር "ና ቅረብ፣ ሽታው ጾም አያስገድፍም" እያሉ ያሾፉብኛል። ሽሯቸው ቅቤ ስላለበት ሽታውም ቢሆን የሚያጠራጥር ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ዊንጌት ትምህርት ቤት በር ላይ የበቆሎ እሸት መጠበስ በጀመረ ሰሞን፣ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ልጅ መጣች። ሶስና ትባላለች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ለትምህርቷ ጥናት ልትሠራ ነው ቢባልም ሁላችንም ሰላይ ናት ብለን ዝም አልን። ጋሽ ተሰማ ብቻ ጠየቋት።

"ምንድን ነው የምታጠኚው ልጄ?"

"ዕቃውና ወረቀቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ነው ጋሼ። አንድ ቀን ይህን ሥራ ኮምፒውተር እንዲይዘው።"

"ታዲያ ሄደሽ ኮምፒውተሩን አታጠኚም?"

"እሱ ይቀላል። የሚከብደው ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ማሽን የነገሩትን ብቻ ነው የሚያምነው። ተሳስቼ ከነገርኩት፣ ዕድሜ ልኩን ሲሳሳት ይኖራል።"

ከዚያ እኔን መከተል ጀመረች። ተሸክሜ ስሄድ ከኋላ፣ ባዶዬን ስመለስ ከጎን።

"በቀን ስንት ጊዜ ትመላለሳለህ?"

"እስኪያልቅ።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ስንወጣ።"

ይህንንም ጻፈችው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መንገድ ይልቀቁ" ስላት "አንቺ በለኝ፣ እኩያህ እኮ ነኝ" አለች። "እኩያዬ ብትሆኚ ትሸከሚ ነበር" አልኳት። ቦርሳዋን አስቀምጣ ጆንያውን ብድግ ልታደርግ ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እላታለሁ።

አንድ ቀን የጋሽ ተሰማን የክረምት ሂሳብ ስታይ ቆየችና "ጋሼ፣ የገባውና የወጣው ሁሉም እኩል ነው። አንድ ግራም አይበልጥ፣ አንድ ግራም አያንስ" አለች።

"እኔ ስለማስተካክለው ነዋ" አሉ በኩራት። "ክረምት ላይ ሚዛኑ ያብዳል። ከገባው የበለጠ ወጣ ይላል። የሌለ ክር ከየት አመጣለሁ? የገባውን ቁጥር ደግሜ እጽፋለሁ።"

"በበጋስ?"

"በበጋ ያንሳል። ያነሰውን እንዳለ እጽፋለሁ። የጎደለ ሞልቶ መጻፍ ውሸት ነው።"

ወደ በጋው ገጽ ገለጠች። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ የተረፈውን ይደብቃል፣ የጎደለውን ይናዘዛል። ንጹሕነት ይመስለዋል።

"ጋሼ፣ ሚዛኑ ባያብድስ?" አለች በመጨረሻ።

ጥቂት ጆንያዎች ለይታ በቀይ ክር አሰረች። ግድግዳው ላይ የአየሩን እርጥበት በቁጥር የሚያሳይ ባለ መስታወት መለኪያ ሰቀለች። በየሳምንቱ አርብ ጆንያዎቹን መዝኜ፣ መስታወቱንም አይቼ፣ ሁለቱን ቁጥር ከነወሩ በካርድ እንድጽፍ ሥራውን ለእኔ ሰጠች። ፎርማኑ "አስተካክለህ ጻፍ፣ በኋላ ጣጣ ያመጣል" ቢለኝ እምቢ አልኩ። ማስተካከሉንም አላውቅበትም ነበር። ለምን እንደምትደክም ስጠይቃት "ምክንያቱን ካልነገርነው ማሽኑ ሌባ ይለናል" አለችኝ።

ሌባ ለማለት የፈጠነው ግን ሰው ነው። ጥር ላይ ቆጠራ መጣ። ቆጣሪው ጓድ በቀለ የሚባል ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ሲመዝን የክሩ ጉድለት ብዙ ሆነ። ጋሽ ተሰማን በኢኮኖሚ አሻጥር ብለው ቀበሌ አሰሯቸው። ባለቤታቸው ጠዋት ማታ ስንቅ ያመላልሳሉ። ከቀናት በኋላ ወደ ላይ ሊተላለፉ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ያኔ ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ስንቁ ተመልሶ ይመጣል፤ እሱ አይመጣም።

ሶስና ትምህርት ሲከፈት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሳ ነበር፤ ካርዶቼን በፌስታል ቋጥሬ በእግሬ ወደዚያው ወረድኩ። ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋት። ነገሩን ነገርኳት። "አንድም አርብ አልዘለልክም?" ብቻ አለችኝ። አልዘለልኩም አልኳት።

ኮምፒውተሩ ያለው መሐል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ለተማሪ የሚፈቀድበት ቀን ገና ነበር፤ ለምና አስፈቀደች። በማግስቱ የእኔን ቁጥሮች ወደ ሌላ ካርድ፣ በቀዳዳ ወደሚነበብ ካርድ ገልብጣ፣ የካርዶቹን ሣጥን እኔ ታቅፌ፣ በውይይት ታክሲ ሄድን።

ያን ክፍል እስክሞት አልረሳውም። እንደ ታኅሣሥ ማለዳ ይበርዳል። ቁም ሣጥን የሚያክሉ ብረቶች ግድግዳ ለግድግዳ ቆመዋል። በመስታወታቸው ውስጥ እንደኛ ፋብሪካ የክር ማጠንጠኛ ያሉ ክቦች ይዞራሉ፣ ይቆማሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ማንም አልነካቸውም። ሳላስበው ኮፍያዬን አወለቅሁ። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰው ካርዶቹን አስቀመጠለት፤ ማሽኑ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ቀ ቀ ቀ እያደረገ ይለቅማቸው ጀመር።

መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ መስመር ጻፈና ዝም አለ። "ስህተት ነው" አለ ባለ ካፖርቱ። "ሰዓትሽ እያለቀ ነው።"

ሶስና ወረቀቶቿን መሬት ላይ ዘርግታ ተንበረከከች። እኔ የጋሽ ተሰማን ልጆች እያሰብኩ ቆሜያለሁ። ብዙ ቆይታ ግንባሯን ያዘችና ሳቀች።

"ጳጉሜን ነው።"

"ጳጉሜን ምን ሆነ?"

"ፕሮግራሙን የጻፍኩት የፈረንጅ መጽሐፍ እያየሁ ነው። ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ብዬ ነገርኩት። ያንተ ካርድ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ይላል። እንዲህ ያለ ወር አላውቅም ብሎ ቆመ።"

ተናደድኩ። "ጳጉሜን አልዘነበም ሊለኝ ነው? ቆርቆሮው ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ በእጄ ነው የመዘንኩት።"

"አትቆጣው። ያልነገርኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ንገሪዋ።"

ነገረችው። ጥቂት ካርዶች አዲስ በስታ የድሮዎቹን አወጣች። ማሽኑ እንደገና መልቀም ጀመረ፤ ጳጉሜን ጋ ደረሰ፤ አለፈው። ከዚያ ሌላኛው ብረት ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ወረቀት ያወጣ ጀመር። ወረቀቱ ላይ ኮከብ ኮከብ ተበትኗል። ከሐምሌ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ነሐሴና ጳጉሜን ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ ከመስከረም በኋላ እስከ ጥር ቁልቁል ይወርዳል።

"ምን ይመስልሃል?" አለችኝ።

"እንጦጦን።"

"ክረምቱ ነው" አለች ቀስ ብላ። "አየሩ ሲረጥብ ክሩ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ሲደርቅ ይቀላል። ማንም አልሰረቀም።"

ያ ብረት ጉለሌን አያውቅም። ዝናብ ነክቶት አያውቅም። ግን ክረምታችንን ከነውጣ ውረዱ፣ እኔ ማንበብ በምችለው መንገድ ሣለው። ፊደሉን ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፤ ተራራውን ግን ባንድ እይታ አነበብኩት።

ስንወጣ ርቦን ፓስታ በላን። ሹካው ላይ መጠቅለል አቃተኝ። "ክር ስትሸከም እየዋልክ ክር መጠቅለል አቃተህ?" አለችኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ስቄ የማውቅ አይመስለኝም።

ጓድ በቀለ ግን ወረቀቱን አይቶ መለሰላት። "ወረቀት የፈለገውን ያህል ቢረዝም ክር አይሆንም። ማሽኑ ተሰማን አያውቀውም፤ እኛ እናውቀዋለን።"

"ማሽኑ ማንንም አያውቅም ጓድ። ለዚህ ነው ይዤው የመጣሁት" አለች። "መጋዘን ካለው ክር አንድ ጆንያ እርስዎ ይምረጡ።"

መረጠ። መዘንነው። እሷ መስታወቷን ፈትል ክፍል ወስዳ የእርጥበቱን ቁጥር አነበበች፤ ረጅሙን ወረቀት አየች፤ ከዚያ ጠመኔ ይዛ መጋዘኑ የብረት በር ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚያልፍበት፣ አንድ ቁጥር በትልቁ ጻፈች።

"ጆንያው ተከፍቶ ፈትል ክፍል ይደር። ነገ ይህን ይመዝናል።"

"ባይመዝንስ?" አለ ጓድ በቀለ።

"ያኔ የጋሽ ተሰማ ተባባሪ ነኝ ማለት ነው። የት እንደምገኝ ያውቃሉ።"

ማንም እንዳይነካው ሁለት ጥበቃ አቆመበት። በነጋታው ጆንያውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ገና ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ መክበዱ ገባኝ፤ ነገር ግን በሩ ላይ የተጻፈውን ያህል መክበዱን ትከሻ አያውቅም። ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ቀስቱ ተንቀጠቀጠ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። የጠመኔው ቁጥር ላይ ነው፤ ልዩነቱ እፍኝ የማትሞላ ክር ናት። ጓድ በቀለ አስወርዶ እንደገና አስመዘነ። ቀጥሎ ሚዛኑን ሊፈትን ራሱ ወጥቶ ተመዘነ። ወረደና ወደ በሩ ሄዶ ቁጥሩን በእጅጌው ጠረገው።

ይቅርታ ያለ ሰው የለም። ከቀናት በኋላ ጋሽ ተሰማ ከስተው፣ ጺማቸው አድጎ ተመለሱ። መጋዘኑን ግን አልመለሱላቸውም፤ ቀለም ክፍል መደቧቸው። ሶስና ጥናቷን ጨርሳ ሄደች። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አሁን ተቀምጬ ሳስበው የሚደንቀኝ ማሽኑ ብቻ አይደለም። ማሽንማ ዛሬ በየኪሱ አለ። የሚደንቀኝ ቁጥሩን ቀድማ መጻፏ ነው። በዚያ ዘመን ሁላችንም ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ አይተን ነበር የምንናገረው። እኔም እንደዚያ ነው የኖርኩት፣ ዛሬም ብዙ ሰው እንደዚያ ይኖራል። እሷ ግን ያጠናችውን አምና፣ አንገቷን ከቁጥሩ ጋር በር ላይ ጻፈችው። ጥናት ማለት ይህ ከሆነ፣ ተምሬ በሆነ ብዬ የምቆጨው ለዚህ ብቻ ነው።

ጋሽ ተሰማ ያረፉት አርጅተው፣ ጉለሌ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ፣ የልጅ ልጆቻቸው እየዘመሩላቸው ነው። እኔም እግራቸው ሥር ነበርኩ።