ማንም ያልጠየቃት ስም

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች፣ «እማማ፣ አንድ ልዑልና ሚስቱ መንታ ሊወልዱ ነው። ማንና ማን የሚሏቸው ይመስልሻል?» አለችኝ። አገሩ ሁሉ እየገመተ ነው አለች። «እኔ እንጃ» ብያት ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ መሀል ምንም ሳልሠራ ብዙ ቆምኩ።

ያስታወሰኝ ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ክረምት ስለሆነ ትምህርት ተዘግቷል። የሆሳዕና ከተማ ዝናብ አንዴ ከጀመረ አያባራም፤ ከሌሞ ገጠር እህል የጫኑ ጋሪዎች ሰፈራችን ሲደርሱ ጭቃ ይይዛቸውና ፈረሶቹ ቆመው ይተነፍሳሉ። እኔና ጓደኛዬ አስቴር የምንውለው ጥግ ላይ ካለው ከጋሼ ሸምሱ ሱቅ ነበር፤ ሬዲዮ ስላላቸው። አውሮፓ ውስጥ ያለ የአንድ ንጉሥ ልጅና ሚስቱ መንታ እንደሚጠብቁ የሰማነውም በዚያ ሬዲዮ ነው።

ስም መገመት ጀመርን። ጋሼ ሸምሱ ለሚያውቅ ብስኩት እሰጣለሁ አሉ። «የራሳችንን ንጉሥ አውርደን ለሰው ንጉሥ ስም እናወጣለን?» እያሉ ይስቃሉ፤ የቀበሌ ሰው በበሩ ሲያልፍ ደግሞ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስኳር የለም አልኳችሁ እኮ!» ይሉናል።

ጎረቤታችን ታደለችም ትመጣ ነበር። ባሏ ሰሜን ዘምቷል፤ እሷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ከአማቷ ጋር ትኖራለች። የጨው ጆንያ ላይ ቀስ ብላ ትቀመጥና ክርክራችንን ትሰማለች። አንድ ቀን አስቴር ጆርጅ ነው፣ እኔ ፍሬደሪክ ነው ስንባባል፣ ታደለች ሆዷን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። «እነዚህ ልጆች ሳይወለዱ ሰው አጣሉ!» አለች።

ዜናው የመጣው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንዱ ፍሬደሪክ፣ ሴቷ ሉዊዛ። ጮህኩ። ብስኩቴን ይዤ፣ ከአስቴር ጋር እየዘለልን፣ ስሙን እየተጣራን፣ ለታደለች ልንነግራት ወደ ቤቷ ሮጥን። አማቷ በሩ ላይ ወጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ቀስ በሉ ልጆቼ» አሉን። «ልጁ አልተረፈም።»

ከጀርባቸው፣ በጨለማው ቤት ውስጥ፣ ታደለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ጩኸታችንን ሁሉ ሰምታለች። እጄ ላይ ያለውን ብስኩት የት እንደማደርገው አጣሁ።

የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችንን መንግሥት ስላሸገው ሽማግሌዎች እቤት መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። ለአራስነቷ የተቀመጠው ቡላና ቅቤ ለለቀስተኛ ተሠራ። እኔ አፍሬ አልሄድኩም። በኋላ እናቴ ወተት አስይዛ በግድ ላከችኝ። ታደለች ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ብቻዋን።

«የልዑሉን ልጆች ማን አሏቸው?» አለችኝ። ያን ቀን ጩኸታችንን እንጂ ስሞቹን በደንብ አልሰማችም ኖሯል።

«ፍሬደሪክና ሉዊዛ።»

«አንቺ ነሻ ያወቅሽው?»

«አንዱን ብቻ።»

«ጎሽ» አለች። ከልቧ ነበር፤ እሱ ባሰብኝ። እሳቱን ቆሰቆሰችና፣ «እኔም እኮ ስም ይዤ ነበር» አለች። «ማንም አልጠየቀኝም።»

አንገቴን እንደደፋሁ፣ «ማን ልትዪው ነበር?» አልኳት።

ነገረችኝ። ባሏ ሳይዘምት በፊት ሁለቱ የተስማሙበት የሀዲያ ስም ነበር። ትርጉሙንም አስረዳችኝ። ላልኖረ ልጅ ስም ስለማይወጣ ለሌላ ሰው እንዳልነገረች፣ እንደማትነግርም አከለችልኝ። እንባዬ ሲመጣ ወተቱን ተቀብላኝ፣ «ሂጂ በይ፣ ሳይዘንብ» አለችኝ።

ባሏ ቆይቶ በደህና ገባ። ሾኔ ከተማ ሄደው ኖሩ፤ ልጆችም ወለዱ ሲባል ሰምቻለሁ።

ሰው ሁሉ ይረሳል፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ያን ስም ከስንት ዓመት ጀምሮ እየፈለግሁት አጣሁት። በምን ፊደል እንደሚጀምር እንኳ ጠፋኝ። ፍሬደሪክና ሉዊዛ፣ አይቻቸው የማላውቃቸው፣ እነሱም የማያውቁኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ከአፌ ጠፍተው አያውቁም። ሾኔ ሩቅ አይደለም፤ ማለዳ በሚኒባስ ብሳፈር ሄጄ ልጠይቃት እችላለሁ። አልሄድኩም። ምናልባት እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ እኔ ዘንድ ያለ ይመስላታል።