ለወንድሟ የጠፋው ወንበር

እስቲ ይህችን ሴት እዩዋት። ቬርና ሁክስትራ ትባላለች። ምዕራብ ሚሺጋን ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ለተማሪዎች ምሳ ስታቀርብ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ዛሬ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፣ የምስጋና ቀን፤ ሽርጧን እንደታጠቀች ወንበር ትቆጥራለች። ትልቁ ጠረጴዛ የሚይዘው ስምንት ሰው ሲሆን አዋቂዎቹ ዘንድሮ ዘጠኝ ናቸው። ሰው ትንሽ ጠጋ ጠጋ ቢል ዘጠነኛው ወንበር ይገባል። ይህን እሷም አሳምራ ታውቃለች።

ደግሞ አፏን ሞልታ ስታወራ ብትሰሟት! "ገና የሱቅ በዓል ነው" ትላለች በየዓመቱ። "ማን ምን ሰጠኝ፣ የእሷ ከእኔ በለጠ፣ ልኩ አልሆነኝም ቀይሩልኝ፤ ንትርክ ነው። የምስጋና ቀን ግን ከሰው ምን ይፈልጋል? ወንበር ስቦ መቀመጥ ብቻ!" የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ ይስማሙላታል። ወሬውማ ያምራል።

ዘንድሮ የልጇ የግሌን አማቶች፣ ፕሬስኮቶች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቺካጎ መጥተዋል። ሰውየው ጠበቃ ናቸው፤ ሚስትየው ደግሞ ሲስቁ እንኳ ድምፃቸው አይሰማም። ቬርና ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያስጨነቃት ምግቡ አይደለም፣ ወንድሟ ዌንዴል ነው።

ዌንዴል ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለውም፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹም የሉም። ሠላሳ ዓመት ተርኪ፣ ለምስጋና ቀን የሚጠበሰው ዶሮ መሳይ ትልቅ ወፍ፣ በሚታረድበት ፋብሪካ ሠርቷል፤ እጁን በሎሚ ቢያሸው፣ በሳሙና ቢፈትገው ጠረኑ አይለቅም። ፋብሪካው ለበዓሉ ለየሠራተኛው አንድ አንድ ተርኪ ያድላል። የዌንዴል ድርሻ ቀጥታ ወደ እህቱ ምድጃ ነው የሚሄደው። እዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲበላ የኖረው እሱ ያመጣው ነው።

እኩለ ቀን ላይ ጺሙን ተላጭቶ፣ ያለችውን አንድ ኮት ለብሶ በጓሮ በር ገባ።

"ቬርኒ! ወፏ እንዴት ሆነች? ዘመዶቿን በሙሉ አውቃቸዋለሁ፤ የጨዋ ቤተሰብ ናት።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። "ቀስ በል፣ ይሰሙሃል። ስማ ዌንዴል፣ ዛሬ ከልጆቹ ጋር ሁን፣ እሺ? ይወዱሃል፤ አንተ ከሌለህ አይበሉልኝም።"

ዌንዴል የልጆቹን ጠረጴዛ አየው። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ መተላለፊያው ላይ የተዘረጋ ታጣፊ ጠረጴዛ ነው።

"ጉልበቴ እዚያ ሥር ይገባል ብለሽ ነው?"

"እባክህ፣ ለዛሬ ብቻ።"

"እሺ በቃ። ደግነቱ እነሱ ስለ ፖለቲካ አያወሩም።" ኮቱን እንደቆለፈ ሄዶ ከአራት ልጆች መሃል ተቀመጠ።

ተርኪው ወጥቶ ሲቆረጥ ሚስተር ፕሬስኮት ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉ። "ወይዘሮ ሁክስትራ፣ ይህን የመሰለ ከየት አገኙት?"

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃት ነበር። "እ... የማውቀው ሥጋ ቤት አለ" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። "በልዩ ትዕዛዝ ነው።"

መተላለፊያው ላይ ሲንኳኳ የነበረው ሹካ ጸጥ አለ።

የቤቱ ደንብ ደግሞ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ የደረቀ የበቆሎ ፍሬ ይሰጠዋል፤ ትንሽ ቅርጫት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም ፍሬዋን እየጣለ የሚያመሰግንበትን ነገር ይናገራል። ከዚያ ነው የሚበላው። ፕሬስኮቶች ስለ ጤና አመሰገኑ። ግሌን ስለ አዲሱ ሥራው፣ ቬርና ስለ ቤተሰብ። አዎ፣ ስለ ቤተሰብ! ቅርጫቱ ትልቁን ጠረጴዛ ዞሮ እጇ ላይ ሲደርስ ቀና አለች። ዌንዴል በቆሎውን በሁለት ጣቱ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ተራው ነው።

"ተርኪውን እኔ ነኝ ያመጣሁት" ቢልስ ብላ ቅርጫቱን ከመረቁ ሳህን ጀርባ አስቀመጠችው።

"በሉ እንብላ፣ ምግቡ በረደ!"

ዌንዴል በቆሎውን ኪሱ ከተተና ተመልሶ ተቀመጠ። ሲበላ ልጆቹን አሳቃቸው፤ ከምግብ በኋላ ድስቶቹን በሙሉ አጥቦ፣ ሳይሰናበት በጓሮ በር ወጣ።

አመሻሹ ላይ የልጅ ልጇ ጆዲ ሳህን እያደረቀች፣ "አያቴ፣ ዌንዴል ለምን አልተናገረም?" አለቻት። "እኛ ላይ ሲለማመድ ነበር እኮ።"

"ምን ብሎ ነው የተለማመደው?"

"'እህቴ በየዓመቱ ስለምትጠራኝ አመሰግናለሁ' ብሎ። ሦስቴ ነው ያለው፤ ጥርሱ ስለሌለ አንዷ ቃል እያስቸገረችው።"

ቬርና የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን መሬት ለማንም አትከፈትም። ስልኩ ግድግዳው ላይ ነበር። አላነሳችውም። "ለገና እክሰዋለሁ" አለች ለራሷ።

ለገና ከሱቁ ሁሉ ውዱን ካፖርት ገዛች፤ ያቺው "ገና የሱቅ በዓል ነው" ባይዋ። ዌንዴል መጣ፣ ፈታው፣ ለካው። "ጥሩ ካፖርት ነው፤ አመሰግናለሁ ቬርና" አላት። ቬርኒ አላላትም። ከትልቁ ጠረጴዛ ራስጌ ወንበር ስትስብለት ሳህኑን አነሳና፣ "ልጆቹ ይጠብቁኛል" ብሎ ወደ መተላለፊያው ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በካፖርትም አይታሽም።

የሁለቱ በዓላት ልዩነት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ገና መጠቅለያ ወረቀት አለው። ጥፋትህን ጠቅልለህ፣ ሪባን አስረህ፣ "እንኳን አደረሰህ" ብለህ ታስረክባለህ። የምስጋና ቀን ግን ባዶ እጅህን ይዘህ ከሰው ፊት የምትቀመጥበት ቀን ነው። ቬርና ቀላል ያለችው እሱን ነበር፤ ያቃታትም እሱ ነው።

በዓመቱ፣ የምስጋና ቀን ዋዜማ ረቡዕ፣ የዌንዴል ፒክአፕ ደጇ ላይ ቆመ። ተርኪውን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሊመለስ ሲል በሩን ከፈተች።

"ነገ ትመጣለህ አይደል?"

"ነገስ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ነኝ። ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ወንበር የለም፤ ቆመን ነው የምንበላው" ብሎ ሳቀ። ሳቁ የክፋት አልነበረም፤ እሷን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

"ዌንዴል..." አለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ዋሸሁ፣ አፈርኩብህ፣ ይቅር በለኝ። እሱም እጁን የመኪናው በር ላይ አድርጎ ጠበቃት። አልቸኮለም።

"...ለገና ግን ትመጣለህ፣ አይደል?"

"ለገናማ እመጣለሁ" አለና ሞተሩን አስነሳ።

ቬርና ተርኪውን አቅፋ በረንዳው ላይ ቀረች፤ ፊቷ በብርድ ሳይሆን በኀፍረት ፍም መስሎ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከልጆች ጋር ያስቀመጣችሁት ሰው ካለ፣ እባካችሁ ስጦታ ፍለጋ ሱቅ አትግቡ። ዛሬውኑ ደጁ ሂዱና፣ እጃችሁን ባዶ አድርጋችሁ፣ ያጠፋችሁትን በስሙ ጠርታችሁ ንገሩት።