በእትዬ ዳሼ ዘይት ወደ ጨንቻ

ሲቀላ፣ የመስቀል ዋዜማ፣ ንጋት

ጎህ ሲቀድ ፒካፕ መኪናዬን አስነሳኋት። አንዴ አስነጠሰች፣ ደግማ አስነጠሰች፣ ከዚያ ያ የታወቀ ሽታዋ ግቢውን ሞላው፤ የዓሣ ጥብስ። የጎረቤት ድመቶች ከአጥሩ ወርደው ጭስ ማውጫው ጋ ተሰለፉ። ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው። ዛሬ ባይሆን ነገ ከዚህ ቧንቧ አንድ ዓሣ ይወጣል ብለው ተስፋ አይቆርጡም።

ላላወቀ ላስረዳ። በከተማችን በሲቀላ ናፍጣ ሲጠፋ እኔ የምነዳው ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ነው። ዘይቱ የሚመጣልኝ ከጎረቤቴ ከእትዬ ዳሼ መጥበሻ ነው። እትዬ ዳሼ ገበያው አጠገብ ዓሣ ቤት አላት። ዘይቱ ሲጠቁርባት ድሮ ቦይ ውስጥ ትደፋው ነበር፤ አሁን በጀሪካን ታስቀምጥልኛለች። እኔ አቆየውና አተላው ሲዘቅጥ በአቡጀዲ ጨርቅ አጠለዋለሁ፤ ናፍጣ ካገኘሁ እቀላቅልበታለሁ። የናፍጣ ሞተር እንደ ገበሬ ሆድ ነው፤ ያረጀ ከሆነማ ጨርሶ አይመርጥም። በዚህ ዘይት ከጫኖና ከላንቴ ስንት ሙዝ አመላልሻለሁ።

የዛሬው ጭነት ግን ሙዝ አይደለም፤ ራሷ እትዬ ዳሼ ናት። ወንድሟ ጋሽ ሻጊሬ ደጋ ላይ፣ ዶርዜን አልፎ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራል። ዓምና በአንድ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ፤ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ» አላት። የደጋ ሽማግሌ ዓሣን ከምግብ አይቆጥርም። እሷም ብድግ ብላ «መጥተህ ካልወሰድከኝ ደጅህን አልረግጥም» አለችና ወረደች። ከዚያ ወዲህ እሱ «ትውጣ» ይላል፣ እሷ «ይውረድ» ትላለች። በጋሞ ደግሞ መስቀል የዘመን መለወጫም ነው፤ ቂም ይዞ እሳቱን መዞር ነውር ነው። ዛሬ ማታ እሳቱ ሳይታረቁ ከተለኮሰ ኩርፊያው ወደ አዲሱ ዓመት ተሻገረ ማለት ነው። ሁለቱም ሸምግለዋል።

ትናንት ማታ አጥሩ ላይ ተደግፋ «በላይ፣ ቀጣዩን መስቀል ማን አየው? እኔው ልውጣ» አለችኝ።

ጋቢና ውስጥ ስትገባ መሪውን ነካ ነካ አደረገችው።

«ይቺ አሮጊት ታደርሰናለች?»

«በራስሽ ዘይት ነው የምትሄጂው እትዬ። ካላደረሰችን ራስሽን ውቀሺ።»

«የኔ ዘይት ስንት ባለሥልጣን አጥግቧል! መኪና ያቅተዋል?»

ማደያው በር ላይ ሰንሰለት ተዘርግቷል። ዘበኛው በሩቁ እጁን አወዛወዘ፤ ናፍጣ ከመስቀል በኋላ ነው። ቤት የቀረችኝን ጥቂት ናፍጣ ለማስነሻ ጨምሬያታለሁ፤ ከእሷ በቀር የያዝነው ዘይት ብቻ ነው።

ጫኖ፣ ረፋድ

መንገዱ ቀና ነው። ግራና ቀኙ ሙዝ፣ ከሙዙ ሥር ውሃ የሚሄድበት ቦይ፣ ከቦዩ ዳር ጋሪ የተጠመደ አህያ። ማንጎ ሻጮቹ ከዛፍ ሥር ተደርድረዋል፤ ለበዓል ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ሁሉ ለዘመድ ፍሬ ይገዛል። እኛም ቆምን። አንዲት ሙዝ ሻጭ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«ጋሼ! ዓሣው ስንት ነው?»

«ዓሣው አልቋል ልጄ፤ የቀረው ሽታው ነው።»

«ሽታውንም ቢሆን በሙዝ እንለዋወጥ!»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ተንከተከቱ። እኔም ሳቅሁ። እትዬ ዳሼ ግን አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች፤ መልሳም አሸተተች። የገዛነውን ሙዝ ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መገንጠያው ድረስ ነጠላዋን በመስኮቱ እያራገበች ሄደች።

አቀበቱ፣ ከቀትር በፊት

ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፈን መውጣት ጀመርን። ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮታል፤ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ነው የምንሄደው። ዞር ባልን ቁጥር ሐይቆቹ ከታች ይታያሉ። ዓባያ ቡኒ፣ ጫሞ ሰማያዊ፤ ከአንድ እናት የተወለዱ አይመስሉም። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጥግ ይይዙልናል። ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ቆየት ብዬ ጋቢዬን ደረብኩ። ፒካፔ ጉሮሮዋን እየጠረገችም ቢሆን ትወጣለች።

ዶርዜን አልፈን፣ የቀርከሃ ቤቶቹ ጭስ ከኋላችን ሲቀር፣ አንድ ምንጭ ጋ ደረስን።

«እዚህ ጋ አቁምልኝ» አለች።

«ደርሰናል እኮ፤ የወንድምሽ ቤት ከዚህ ዳገት ወዲያ ነው።»

«ለዚህ ነው አቁም የምልህ። ሞተሩንም አጥፋው፤ ጭሱ ልብሴ ላይ ይሰፍራል።»

አጠፋሁት። ከዘንቢሏ ሳሙናና ሎሚ አወጣች፣ ወደ ምንጩ ወረደች። እጇን እስከ ክርኗ አሸች፣ ፀጉሯን አጠበች፣ ደግማ አጠበች፤ ሎሚውን ከአንገቷ ሥር ሳይቀር አሸችው። ውሃው በረዶ ነው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ዓሣ ጠብሳ ልጆቿን ያሳደገች ሴት በወንድሟ ደጅ እንዲህ ስትታጠብ ማየት አልፈለግሁም። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ስትመጣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አሁንስ እሸታለሁ?»

«ሎሚ ሎሚ ነው የምትሸቺው።»

«እውነትህን ነው?»

«በመስቀሉ!»

ገብታ በሩን ዘጋች። ቁልፉን ባዞረው ፒካፔ አልነሳ አለች።

እዚያው ምንጩ ጋ፣ ከሰዓት በኋላ

ኮፈኑን ከፍቼ የዘይቱን ቱቦ ብነቅል አንዲት ጠብታ የለም። ቱቦውን ጨመቅሁት፤ እንደ ሻማ ያለ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ያኔ ገባኝ።

የቀበሌ ሱቅ የሚያከፋፍለው፣ እትዬ ዳሼም የምትጠብስበት ዘይት ሰው ሁሉ «የሚረጋው» የሚለው ነው። ደገኛ ሴት እንደ ቅቤ በማንኪያ እየቆረሰች ነው የምትሠራበት። እኛ ቆላ ላይ ግን ማለዳ ደፍረስ ይልና ፀሐይ ስትወጣ ይጠራል። ስሙን እየጠራነው ትርጉሙን ረስተነው ኖሯል። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ በሙቀቱ ይዞት ወጥቷል፤ ሲጠፋ ረጋ።

ቀርከሃ የተሸከመ ሰው አጠገባችን ደርሶ ቆመ።

«መኪናዋ ሞተች?»

«አልሞተችም፤ በረዳት። ሙቅ ውሃ ባገኝ ትነሳለች።»

ወደ ጋቢናው አጎነበሰ። «እማማ፣ የማን ዘመድ ነሽ?»

«የሻጊሬ እህት ነኝ።»

«ኦ! ዓሣዋ?»

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። አገጯን ግን ቀና አደረገች። «አዎ፣ ዓሣዋ! እንዳትነግረው ታዲያ። በእግሬ እደርሳለሁ።»

ሰውየው ሸክሙን አስተካክሎ ዳገቱን ተያያዘው። እሷም ወርዳ ጥቂት ተራመደች፤ ዳገቱ ከበዳትና ተመልሳ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠች። ጉም ወረደብን። ምንጩ ይሰማል እንጂ አይታይም።

«በላይ፣ ይመሻል።»

«አይመሽም።»

«ሰውየው ነግሮት ይሆናል። አሁን ሰው ሰብስቦ ዓሣዋ መንገድ ላይ ቀረች እያለ ይስቃል።»

አንድ ሙዝ ልጬ ሰጠኋት፤ ይዛው ቀረች።

ብዙ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ኮቴ ተሰማ። አንድ ረጅም ሽማግሌ በጋቢ የተጠቀለለ ትልቅ እንስራ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ እንደ እናት ጎንበስ ብሎ እየወረደ መጣ። ጋሽ ሻጊሬ ነው። እሷን አላያትም፤ ማለት አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«ጤና ይስጥልኝ። ለበዓሉ የተጣደ ውሃ ነው። ሳይበርድ ቶሎ እንበል።»

ጨርቅ ዘይቱን በሚያጣራው ፊልትሮ ላይና ቱቦው ላይ ጠቀለልኩ፤ እሱ ቀስ እያለ ያፈስስ ጀመር። እንፋሎቱ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ። ቱቦውን ብጨምቀው የረጋው ሁሉ ተንሸራትቶ ጋሽ ሻጊሬ እንስራውን አሳርፎ በዘረጋው መዳፍ ላይ ወደቀ።

«ቅቤ ነው እንዴ?» አለና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከዚያ በረጅሙ፣ «ዓ–ሣ!»

እትዬ ዳሼ ከጋቢናው ወረደች።

«እኔ ታጥቤያለሁ ሻጊሬ። የምትሸተው መኪናዋ ናት።»

እርጥብ ፀጉሯን አየ፣ የቀላ እጇን አየ፣ ምንጩ አፍ ላይ የቀረውን የሎሚ ልጣጭ አየ። መዳፉን አንስቶ ያን የረጋ ዘይት አናቱ ላይ አሳረፈው፤ በጋሞ አገር የተከበረ ሰው በትልቅ ቀን ቅቤ እንደሚቀባው፣ እስከ ጆሮው ድረስ አዳረሰው።

«ይኸው፣ እኔም ሸተትኩ። አንቺ ወጣሽ፣ እኔ ወረድኩ። እንግዲህ ማን ማንን ራቅ በል ይላል?»

እሷ ጎንበስ ብላ ከምንጩ ዳር የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ነጨችና በሁለት እጇ ሰጠችው። አቅፎ ሲስማት ዘይቱ አዲሱን ቀሚሷን ነካው።

«ቀሚሴን!» አለች። ከዚያ ሳቀች፣ አለቀሰችም።

ጋሽ ሻጊሬ ቤት፣ ምሽት

ፒካፔ ተነሳች። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን፣ እኔ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ነዳጅ መስጫውን ሳልለቅ ዳገቱን ወጣን። ስንደርስ ሰዉ ችቦውን ይዞ ደጅ ቆሟል፤ እሳቱ አልተለኮሰም፤ ጋሽ ሻጊሬን እየጠበቁ ነው። «ዮ ማስቃላ! ዮ ማስቃላ!» በሚለው የበዓሉ ሰላምታ ሁሉም ሁሉን ይስማል። በተሳሳምን ቁጥር ግን የሰዉ አፍንጫ ይሸበሸባል።

አንድ ሽማግሌ አላስቻለውም። «ሻጊሬ፣ ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?»

ጋሽ ሻጊሬ ችቦውን ተቀብሎ ለእህቱ ሰጣት።

«እህቴ መጥታ ነው» አለ።