ናፊያ የቀባችው ግድግዳ

ጀጎል ግንብ ውስጥ አረፋ ሲቃረብ የሴቱ ወገብ አይቀናም። ቤቱ ውስጡም ደጁም ይቀባል፤ ሳይቀባ ዒድ የገባበት ቤት የሰፈር መተረቻ ነው። የ2009 አዲስ ዓመትና አረፋ በተከታተሉ ጊዜ፣ ከግንቡ መግቢያዎች አንዱ በሆነው ኤረር በር ላይ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጠው ናፊያም የደጇን ግድግዳ ቀባች። አረንጓዴው ቀለም ግማሽ ላይ ስላለቀባት የታችኛውን ከአምና በተረፈ ወይን ጠጅ ቀለም ጨረሰችው። ጎረቤቶቿ ሳቁባት። እሷ ግን ወደደችው፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ በሰፈሩ ሌላ አልነበረም።

ዒዱ ባለፈ በሳምንቱ ልጇ ነስሮና ጓደኞቹ እዚያው ግድግዳ ሥር ቆመው፣ እንደ ጊዜው ተቃዋሚ ሁሉ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ፎቶ ተነሱ። ነስሮ ጠንቃቃ ነኝ ባይ ነው። ፎቶው ላይ የሁሉንም ፊት በጥቁር ሸፈነና ሪድዋን ለሚባል፣ ውጭ አገር ሆኖ የፌስቡክ ገጽ ለሚያስተዳድር የሰፈሩ ልጅ ላከው። ፊት ሲሸፍን ግድግዳውን ረሳው! ዕድሜ ልኩን የወጣ የገባበት ደጅ ስለሆነ አልታየውም። ያን ደጅ ግን ከሶፊ ገጠር ጫት ይዞ የሚገባ ገበሬ ሳይቀር ያውቀዋል። ሪድዋን ፎቶውን ገጹ ላይ ሲለጥፈው ፖሊስም ደጁን አወቀውና ነስሮን ይዞት ሄደ።

«ፎቶው ከገጹ ይውረድና ስለ ልጅሽ እንነጋገራለን» አላት መርማሪው።

ለአፍ ቀላል ነው። ኢንተርኔቱ ተዘግቷል፤ በምን ታውርደው? የሪድዋንን አክስት ለምና ቁጥሩን አገኘችና ደወለች።

«ሪድዋን ልጄ፣ አላህ ይጠብቅህ፣ ያን ፎቶ አውርድልኝ።»

«እናቴ፣ ፎቶው እኮ የእኛ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የሕዝብ ሆኗል! ስንቱ ሰው የገጹ መለያ ፎቶ እንዳደረገው ቢያዩ! ይጽኑ እንጂ።»

«አንተ ናና እዚህ ጽና!» ብላ ዘጋችበት።

ይህ ልጅ እኮ እሷ ደጅ ኳስ ሲያንከባልል ሳምቡሳ ያበላችው ነው። ደጇን ከሩቅ ሆኖ ይወድላታል፤ ማን እንደሚያንኳኳው ግን ግድ አልሰጠውም።

መላው ሲጠፋባት ኖራ በጠበጠች። ፎቶውን ማጥፋት ካቃተኝ ደጁን ላጥፋው ብላ፣ እያለቀሰች ግድግዳውን ነጭ አደረገችው። መርማሪው መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ማስረጃ ልታጠፊ ነው?» አላት።

ናፊያ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጥላ ገባች። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ስንቅ ማመላለስ ሆነ፤ ጠዋት ወደ እስር ቤት፣ ከሰዓት ወደ ሳምቡሳዋ። በመንገዷ ያገኛት የሰፈሩ ወጣት ሁሉ «ግድግዳሽ እኮ ዓለምን ዞረ!» ይላታል። አብሯት አንድ እርምጃ የሄደ ግን የለም።

ነስሮ ከወራት በኋላ ተለቀቀ። ከስቷል፣ ዓይኑ ግን ያበራል፤ የፎቶውን ዝና እስር ቤት ድረስ ሰምቷል። ደጁ ሲደርስ ነጩን ግድግዳ አይቶ ቀጥ አለ።

«ኡሚ፣ ምን ነካሽ? ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ግድግዳ አጠፋሽው?»

ናፊያ ተናደደች። እንዳትጮህ ጎረቤት አለ፣ እንዳትመታው አጥንቱ ወጥቷል።

«ዓለም ሁሉ ካወቀው» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከእኔ ሌላ ስንቅ ይዞልህ የመጣ ማነው?»