ያልታሰረው ሻደይ

ሰርካለም ዘወትር ጧት፣ ግቢውን ጠርጋ ዶሮዎቹን ከለቀቀች በኋላ፣ ከበሮውን ከተሰቀለበት ታወርደዋለች። መጀመሪያ ሰፊውን ፊት በሁለት ጣቷ ቆርቆር ታደርገዋለች፤ ቀጥላ ጠባቡን። ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማዋለች። ቆዳው ከረገበ የጧት ፀሐይ በሚያርፍበት የድንጋይ መደብ ላይ ታኖረዋለች፤ ካልረገበ አቧራውን ጠርጋ መልሳ ትሰቅለዋለች። ክረምት ገብቶ ፀሐይ ሲጠፋ ደግሞ ከምድጃው ራቅ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ ብዙ ከቀረበ ቆዳው ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዓመት ስድስት ቀን ብቻ ለሚመታ ከበሮ ነው። የቀረውን ዓመት እሷ ስታዳምጠው ይከርማል።

ስድስቱ ቀናት የሻደይ ቀናት ናቸው። በዋግ፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት ፍልሰታ ሲፈታ፣ ሴት ልጆች ሻደይ የሚባለውን ረዥም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው በየቤቱ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ለሰጣቸው ይመርቃሉ፤ በስድስተኛው ቀን ሣሩን ወንዝ ይጥሉታል። ሰርካለም በምትኖርበት የሰቆጣ ሰፈር ልጆቹ ሁልጊዜ የሚሰባሰቡት እሷ ግቢ ነው። ዜማ የጠፋባት ልጅ ወደ እሷ ትመጣለች። የትኛው ዘፈን ለካህን ቤት፣ የትኛው አዲስ ለወለደች፣ የትኛው ሐዘን ላለበት ቤት እንደሚባል አንድ በአንድ ታስተምራለች። እጇ ከበሮው ላይ ሲያርፍ ያየ ሰው በልጅነቷ ስንቱን ቤት ዞራ ይሆን ይላል።

አንድም ቤት ዞራ አታውቅም።

የተወለደችው ከአምደወርቅ የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ የደሃና መንደር ነው። በዚያ መንደር ሻደይ ሥርዓት ነበረው። የመጀመሪያ ዓመቷ የሆነች ልጅ ከሰልፉ ጭራ ትቆማለች፤ ከበሮ አትነካም። ሣሩን የምታስርላት በዓመት የምትቀድማት ልጅ ናት፤ በመጨረሻው ቀን የምትፈታላት ግን እናቷ ናት። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ራሷ ታስራለች፣ ራሷ ትፈታለች። ያገባች ደግሞ ደጅ ቆማ ታያለች እንጂ አታስርም።

የሰርካለም ተራ በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመቷ። እናቷ ጥጡን ፈትላ፣ አስሸምና፣ ቀሚሱን አሰፍታ ዳንቴል ታክልበት ጀምራ ነበር። በጥር ከማዶ መንደር ሽማግሌ መጣ። ቀሚሱ ለሠርጉ ደረሰ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ የመንደሯ ልጆች ሻደይ አስረው አማቷ ግቢ ድረስ መጡ። አማቷ አልጋ ላይ ታማ ስለነበር፣ "ውጪና ሸኚያቸው፤ የቤቱ እመቤት አንቺ ነሽ" አለቻት። ሰርካለም ገብስ በቁና ይዛ ወጣች። አብረዋት ጠጠር የሚጫወቱት ልጆች በፊቷ ተደርድረው ለባለትዳር የሚባለውን ምርቃት ዘፈኑላት፤ ጓዳሽ ይሙላ፣ ወንድ ልጅ ይስጥሽ አሏት። ከሁሉም ፊት ደረቷን ነፍታ የቆመችው በዓመት የምትቀድማት ማንጠግቦሽ ነበረች። ሰርካለም ገብሱን ሰፍራ ሰጠች። ልጆቹ ወደ ሌላ ግቢ ሲሄዱ በግቢው የድንጋይ አጥር፣ በእድሞው ሥር ተቀምጣ፣ ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ ዘፈኑን ከንፈሯን ብቻ እያነቃነቀች ተከተለችው። ከዚያ በኋላም ነሐሴ በመጣ ቁጥር እድሞው ሥር አትጠፋም ነበር። ዘፈኖቹን ሁሉ ያወቀቻቸው እንዲህ ነው።

እናቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ከባሏ ከቅጣው ጋር ሰቆጣ ገቡ። ቅጣው አናጢ ነው፤ ዝምተኛ። የነበራቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እየሩስ። እየሩስ አሥር ዓመት ሲሞላት ሰርካለም ባሏን፣ "ከበሮ ሥራልኝ" አለችው።

"ለማን?"

"ለሰፈሩ።"

ቅጣው ዋንዛ ፈልፍሎ፣ የበሬ ቆዳ ወጥሮ ሠራላት። እየሩስ በዚያ ነሐሴ ከጭራ ቆመች። በስድስተኛው ቀን ቋጠሮውን የፈታችላት ሰርካለም ናት፤ ጣቷ ተሳስሮባት ብዙ ቆየች። ልጅቱ "እማ፣ ቁረጪውና ተይው" ብትላትም አልቆረጠችውም። ለእየሩስ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰርካለም መለሰች። እየሩስ ሰባት ነሐሴ ጨፈረች፤ በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከፊት ቆማ ዜማውን የምታወርድ አውራጅ ሆነች። በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ቤይሩት ሄደች። አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤታቸው ሸጌ ሱቅ ውስጥ ባለው ስልክ ትደውላለች። ነሐሴ ላይ ስትደውል የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ዘንድሮ ማን አወረደ?"

በዘጠና ዘጠኝ ክረምት የበዓሉ ኮሚቴ አዲስ ነገር አሰበ። ልጃገረዶቹ እንደ ወትሮው በየሰፈሩ ይዙሩ፤ ዓርብ ዕለት ግን በከተማው ሜዳ የእናቶች ቡድን ወጥቶ ሻደይ ጥንት እንዴት ይጨፈር እንደነበር ያሳይ ተባለ። የኮሚቴው ጸሐፊ ፋንታሁን፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሰርካለም ግቢ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ከኮሌጅ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ።

"እትዬ ሰርካለም፣ የእናቶቹን ቡድን እርስዎ ይመሩልናል። ሁሉም የሚጠሩልን የእርስዎን ስም ነው።"

"ሌላ ሰው አጣችሁ?"

"ከእርስዎ የተሻለ ከየት ይመጣል?" አለና እየጻፈ አነበበ፤ "በልጅነታቸው ታዋቂ የሻደይ አውራጅ የነበሩ..."

ሰርካለም ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ዞር ብላ ከበሮውን ከፀሐይ አነሳችው። ፋንታሁን ጽፎ ጨርሶ አራት ነጥቡን አኖረ።

በዚያ ሳምንት ሣሩ የሚነቀልበት ረግረግ ድረስ ብቻዋን ወርዳ ተመለሰች። ምንም አልነቀለችም። ሸጌ ወዴት ነበርሽ ብትላት "ሣሩ ዘንድሮ ረዝሟል" አለች።

ልምምዱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በእሷው ግቢ ሆነ። ሰፈሩ አሥር ሴት አወጣ፤ ከደሃና ደግሞ ስምንት ሴቶች በሚኒባስ መጡ። ሰርካለም ከበሮውን አንገቷ ላይ አጥልቃ መሐል ቆማለች። ከደሃና ከመጡት አንዷ፣ ወፍራም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ በሩ ላይ ቆም አለች።

"ሰርኬ? አንቺ ነሽ አውራጇ? ኧረ ጉድ በል ያገሬ ሰው! አንቺ መች ሻደይ አስረሽ ታውቂያለሽና!"

ማንጠግቦሽ ነበረች።

"ምን ትላለች ይቺ?" አለች ሸጌ። "ሰርካለም እኮ የማታውቀው ዘፈን የለም።"

"ዘፈኑንማ ትወቀው። እኔ አላሰረችም ነው ያልሁት። በጥር ዳሯት፤ ነሐሴ እኛ ስንጨፍር እሷ አማቷ ደጅ ገብስ ትሰፍርልን ነበር። ቁናው ከሷ ይበልጥ ነበር! ወንድ ልጅ ይስጥሽ ብለን መረቅናት እኮ፤ ጥርሷ እንኳ ገና ተነቅሎ አላለቀም ነበር።"

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሸጌ ወደ ሰርካለም ዞረች።

"ውሸቷን ነው በያ።"

"እውነቷን ነው።"

"ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሳቁ ቆመ። ማንጠግቦሽ ቀልዷ ከቀልድ እንዳለፈ ገባትና መጥታ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት።

"አይዞሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ብቻ እኮ ነው የዘገየሽ። እኛ ጭራ ላይ ቦታ አለን፤ እኔ ነኝ የማስርልሽ፣ ቀዳሚሽ እኔ ነኝ።"

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። ሰርካለም ግን አልሳቀችም። ልምምዱን እስከ መጨረሻው መራች፤ አንድ ምት አልሳተችም። ሲበተኑ ወደ ፋንታሁን ሄደች። ሜዳው ላይ የድንኳን ገመድ እያስወጠረ ነበር።

"ያን የጻፍኸውን ሰርዘው። አውራጅ አልነበርሁም። ሻደይም አላሰርሁ።"

"እትዬ፣ ፕሮግራሙ ታትሟል እኮ። ደግሞ ማን ያውቃል?"

"ማንጠግቦሽ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።"

"እሺ፣ እሰርዘዋለሁ" አለ፤ ዓይኑ ገመዱ ላይ ነበር።

በማግስቱ ቅጣው ሳንቃ ይልግ ነበር። ሰርካለም ከአጠገቡ ተቀምጣ የሚወድቀውን ፍቅፋቂ ስትለቅም ቆየች።

"የልጆቹ ሰልፍ አይሆንልኝም" አለች። "ያገባች አታስርም። የሜዳው ግን የኮሚቴው ነው፤ ሥርዓት የለውም። ያለ ሥርዓት ደግሞ ምኑ ሻደይ ነው?"

ቅጣው መላጊያውን አቆመ።

"ምን ልበልሽ? አስሪ አልልሽም፤ አታስሪም አልልሽም። የተዳርሽ ለት ከበሮው ሲመታ አለቀስሽ። ከበሮ ትፈራለች አሉኝ፤ እኔም አመንሁ። ያን ጊዜ እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም።"

ሳንቃውን ገልብጦ ሥራውን ቀጠለ።

ዓርብ ጧት ሰርካለም እንደ ወትሮዋ ከበሮውን አወረደች። ቆረቆረችው፤ ደህና ነው። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከበሮውን በጀርባዋ አዝላ ሜዳው ዳር ደረሰች። የደሃና ሴቶች ሣራቸውን እያሰሩ ነበር። ከበሮውን አውልቃ ማንጠግቦሽ እግር ሥር አኖረችው።

"አንቺ ምቺው።"

"አንቺስ?"

"የመጀመሪያ ዓመቷ የሆነች ከበሮ አትነካም።"

ማንጠግቦሽ ልትስቅ ነበር፤ ፊቷን አየችና ተወችው። ከተከመረው ሣር ረዣዥሙን መርጣ፣ አበጥራ፣ በሰርካለም ወገብ ዙሪያ አዙራ ከኋላ ቋጠረችው። ሣሩ ገና ጤዛ ነበረው፤ በቀሚሱ አልፎ ቀዘቀዛት። ማንጠግቦሽ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጎተት አደረገች፤ ልጅ ሆነው ሲተሳሰሩ ታላቅየዋ ጠብቆ እንደሆነ የምትፈትነው እንዲሁ ነበር።

ሰርካለም ከአሥራ ስምንቱ ሴቶች ጭራ ቆመች። ከበሮ ሳትይዝ ቆማ ስለማታውቅ እጇን የምታደርግበት ጠፋት፤ በመጨረሻ እንደ ልጆቹ ወገቧ ላይ አኖረችው።

ድምፅ ማጉያው ጮኸ። "አሁን ደግሞ በልጅነታቸው ታዋቂ የሻደይ አውራጅ የነበሩት ወይዘሮ ሰርካለም!" ፋንታሁን አልሰረዘውም። ሕዝቡ ከበሮ የያዘችውን አየና ለማንጠግቦሽ አጨበጨበ። ማንጠግቦሽ ግራ ገባትና እጅ ነሣች። ከፊት የቆሙት የሰፈሩ ሴት ልጆች ግን ያውቃሉ፤ ሰርካለምን ፍለጋ አንገታቸውን አስረዘሙ። ከጭራ ያገኘቻት ዘመናይ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ እሷም ዘንድሮ ነው የጀመረችው። ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ "አየሻት፣ እንደኔ ጀማሪ ናት" አለች።

ለቡድኑ የተሰጠው ጊዜ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ሰርካለም እድሞው ሥር ከንፈሯን ብቻ ያነቃነቀችበትን ዘፈን ከተቀባዮቹ ጋር ድምፅ አውጥታ ተቀበለች። አንድ ጊዜ እግሯ ተሳስቶ የፊተኛዋን ረገጠች። ሜዳውን አንድ ዙር እንደዞሩ የሚቀጥለው ቡድን ተጠራ።

ከድንኳኑ ኋላ ሴቶቹ ሣራቸውን እየፈቱ ከአንድ ቦታ ከመሩት። ማንጠግቦሽ ከበሮውን መልሳ ሰጠቻት፤ ሚኒባሱ ሊሄድ ነው።

"ነይ ልፍታልሽ።"

"ያንቺ ማሰር ነው" አለች ሰርካለም። "የመጀመሪያውን የምትፈታው እናት ናት።"

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አስተካከለችላትና ሄደች።

ሰርካለም ሣሩን እንዳሰረች ቤቷ ገባች። ከበሮውን ሰቀለች። ቅጣው ሣሩን አየና ወደ ሳንቃው ተመለሰ። ቅዳሜ ጧት ወገቧ ላይ ያለው ሣር ጫፉ መጠውለግ ጀመረ። የሰፈሩ ልጆች እየጨፈሩ ግቢዋ መጡ፤ ገብስ ሰፍራ ሰጠቻቸው። ቁናውን ስታነሳ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ተያዩ። ዘመናይ ብቻ አፏን ሳትይዝ፣ "እትዬ፣ እናትሽ እስካሁን አልፈታችልሽም?" አለቻት።

"አልፈታችልኝም።"

"የኔም ሰኞ ነው" አለች ዘመናይ፤ ገብሱን ተቀብላ ወደሚቀጥለው ቤት ሮጠች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ሸጌ ሱቅ ሄደች፤ ከሳሙና ካርቶኖቹ መሐል ባለችው በርጩማ ላይ ሣሩ እንዳይሰበር ቀስ ብላ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ሸጌ አንስታ አቀበለቻት።

"እማ" አለች እየሩስ፣ "ዘንድሮ ማን አወረደ?"