በእንግሊዝኛ መጓጓት

በቀደም ከአዲሱ ገበያ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ በስልክ «በጣም ኤክሳይትድ ነኝ ባክሽ» ስትል ሰማሁና ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ በቀላሉ! እኛ ቤት ይህ ቃል ስንት ላብ አስፈስሷል።

ታላቅ እህቴ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት በተቀመጠችበት ክረምት፣ ቸርቻችን የምትመጣ አንዲት ፈረንጅ ሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቅ ልትከፍት እንግሊዝኛ የምትችል ሻጭ ፈለገች። የእህቴ የእንግሊዝኛ መምህር ነገሩን ሲሰማ፣ ፈረንጅ ስሜትን ፊት ላይ ማየት ይወዳልና ጉጉትሽን አትደብቂ ብሎ መከራት። እኔና እሷ ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ወጥተን፣ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ እየሸተተን፣ «አይ አም ሶ ኤክሳይትድ!» «አይ ካንት ዌይት!» እያልን ስንጮህ ከረምን። ሥራውን ከመፈለጓ የተነሳ ሌሊት ስትገላበጥ አልጋችን ሲንቋቋ ያድር ነበር። እኔም አብሬ አበድኩ።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፈረንጇ ቤታችን መጣች። እህቴ የተጠየቀችውን ሁሉ አሳምራ መለሰች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ ሥራውን ትፈልጊዋለሽ ወይ አለቻት። እህቴ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች።

ምን ታድርግ፣ አስተዳደጋችን ነው። እናታችን በመጀመሪያ ግብዣ እጁን የሚዘረጋ ስግብግብ ነው ትል ነበር፤ ጨዋ ልጅ «በሞቴ» እስክትባል ድረስ እምቢ ትላለች። ፈረንጇ ግን በሞቴ አላለችም። አመስግና ወጣች።

እህቴ በሩን እያየች፣ «አትለምነኝም እንዴ?» አለችኝ።

እጇን ይዤ ሮጥን። ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀን፣ ሴትዮዋ መኪናዋን ልታስነሳ ስትል ደረስንባት። ያ ሁሉ እንግሊዝኛ ከእህቴ አፍ ጠፋ። መስኮቱን ይዛ በአማርኛ፣ «እፈልጋለሁ! በጣም እፈልጋለሁ!» ብላ ጮኸች። ፈረንጇ የገባት ቃሉ ይሁን እንባዋ እንጃ፣ ወርዳ እየሳቀች አቀፈቻት። እኔ ጭቃው ውስጥ እዘል ነበር። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሥራ ጀመረች። ማታ ማታ የሱቁን ወሬ ልትነግረኝ ትጀምርና ሳትጨርሰው እንቅልፍ ይወስዳታል። ጫማዋን አወልቅላትና ጋቢ አለብሳታለሁ። አጠገቤ ተኝታ ትናፍቀኝ ነበር።