የዓርብ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ

መምህር ኣፅብሃን በጠመንጃ ያዥ ሰፈር መንገድ ላይ ግንባራቸውን ይዘው ሲሄዱ ያየ ሁሉ የታመሙ ይመስለው ነበር። ጤነኛ ናቸው። ብቻ ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ሰባ አምስት ተማሪ፣ አሥራ አምስት መጽሐፍ። አንዱ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ ይደርሳል፤ ሦስቱ በወጉ ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ከዴስኩ ማዶ።

ይሁን፤ የመጽሐፍ ማነስ ደማቸውን አላፈላም። ደማቸውን ያፈላው ልጆቹ «አንብቡ» ሲባሉ የሚያደርጉት ነገር ነው።

«ሳኒ፣ ምንባብ አራትን አንብብ።»

ሳኒ ይነሳል። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ይተክላል። ባቡር ያመለጠውን ሰውዬ ታሪክ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳይተነፍስ ያወርደዋል። መጽሐፉን አንዴም አያየውም።

«ጎበዝ። ሰውዬው ጃንጥላውን የት ረሳ?»

ሳኒ እንደገና ከመጀመሪያው ቃል ይነሳል። ሰውዬው ይነቃል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ጃንጥላውን ሻይ ቤት ይረሳል። ሳኒ ግን ሻይ ቤቱን በሩጫ አልፎ ባቡሩ ካልሄደ አይቆምም።

«እሺ፣ የት ረሳው?»

«ቲቸር፣ ልድገመው?»

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሁለት ዓመት ለምነው የዓርብን ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ለንባብ ብቻ ያስፈቀዱት። በ1973 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ግን ዳይሬክተሩ ጓድ አምሳሉ ቢሮ አስጠሯቸው።

«ጓድ ኣፅብሃ፣ ለላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ልምምድ ሰዓት አጥተናል። ያንን የንባብ ሰዓትዎን አይቼዋለሁ።»

«አይነካም።»

«ዓርብ ኢንስፔክተር ይመጣሉ። ልጆቹ ማንበባቸውን ካዩ ሰዓቱ የእርስዎ ነው፤ ካላዩ ለሰልፉ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ለምን ይጨነቃሉ? ምንባብ ስድስትን ያሸምድዷቸውና ያንበልብሉት። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ መምህር ኣፅብሃ፤ ወጡ።

ሰኞ ዕለት በራሳቸው እጅ አዲስ ምንባብ ጻፉ፤ ልደታ ገበያ ስለጠፋች በግ። በማባዣ አሥራ አምስት ቅጂ አስወጥተው አደሉ።

«ሳኒ።»

ሳኒ ወረቀቱን በአክብሮት በሁለት እጁ ያዘ። ጣሪያውን አየ። ባቡር ያመለጠውን ሰውዬ ጀመረ።

መምህር ኣፅብሃ ጠመኔውን መሬት ላይ ጣሉት። «አንተ ልጅ፣ በጓ የታለች? በጓን ባቡር አሳፈርካት?» ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ያን ጊዜ ነው ከሳኒ ትይዩ ከማዶ የተቀመጠችው ዘኪያ ሳኒ ዴስኩ ላይ ያኖረውን ወረቀት ቀስ አድርጋ ዘቅዝቃ ወደራሷ ስትስበው ያዩት።

«ቀና አድርጊው» ብለው አዞሩት። ዘኪያ መልሳ ዘቀዘቀችው። አዞሩት። ዘቀዘቀችው።

«ልትቀልጂብኝ ነው?»

«አይደለም ቲቸር። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የምቀመጠው ከማዶ ነው። እኔ መጽሐፍ የማውቀው እንዲህ ነው።»

«እንግዲያው እንዲያው አንብቢው» አሉ፤ ተስፋ ቆርጠው።

ዘኪያ ጣቷን ቃሉ ላይ አደረገች። ተንተባተበች፣ ቆመች፣ ተመለሰች፣ በጓን ከነቀይ ገመዷ ከጨርቅ ነጋዴው ደጃፍ አገኘቻት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። እነሳኒ ቶሎ ቶሎ ይሉታል። ለእኔ ግልብጥ ስለሆነ አንድ በአንድ ካልለቀምኩት አይገባኝም።»

መምህሩ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሰባት ዓመት ሙሉ «ቃሉን እዩት» እያሉ ሲለፈልፉ፣ የሰማቻቸው አንዲት ልጅ፣ እሷም በመቀመጫዋ ጥፋት።

ዓርብ ደረሰ። ኢንስፔክተሯ ወይዘሮ ወለተሰንበት እያሳላቸው ገቡ። ጓድ አምሳሉ «ምንባብ ስድስት ቢሰሙ ጥሩ ነው» ብለው ገና ሳይጨርሱ፣ ወይዘሮዋ ከቦርሳቸው የሳል ሽሮፕ አወጡና ከካርቶኑ ውስጥ የታጠፈች የእንግሊዝኛ መመሪያ መዘዙ።

«ምንባብ ስድስትን አራት ትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ። ይቺን የሚያነብልኝ አለ?»

መምህር ኣፅብሃ ወደ ዴስኩ ማዶ ጠቆሙ። «ዘኪያ።»

ዘኪያ ተቀበለች፤ ዘቀዘቀችው። ጓድ አምሳሉ ጣልቃ ገቡ። «ክብርት እመቤት፣ ይቺ ልጅ እንኳን…»

«ይተዉአት። ልጄ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይወሰዳል ይላል?»

ጣቷ ሄደ፣ ቆመ። «ሦስት ጊዜ። ከምግብ በኋላ።»

«በኋላ ነው የሚለው?»

«አዎ። በፊት ከሆነ ሆድ ያማል ይላል።»

ወይዘሮ ወለተሰንበት መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ራሳቸው አዩት። «እኔ ሳምንቱን ሙሉ ከምግብ በፊት ስጠጣው፣ ሆዴን ምን ነካው እያልኩ» አሉ። ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «ይህ ሰዓት አይነካ። ልጅቷም መቀመጫ ትቀይር።»

መምህር ኣፅብሃ ያን ማታ ልደታ ደጃፍ ቆመው ተሳለሙ፤ ግንባራቸውንም አልያዙም።

በሳምንቱ ዓርብ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ በደስታ ገቡ። አሥራ አምስቱም ዴስክ ላይ አሥራ አምስቱ መጽሐፍ ተዘቅዝቋል። ሰባ አራት ልጅ ጣቱን ደቅኖ፣ አንገቱን ሰብሮ ይጠብቃል። የዘኪያ የንባብ ሚስጥር ተገኝቷላ።

ሳኒ ሳይጠራ ተነሳ። የተገለበጠውን መጽሐፍ ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተክሎ፣ ባቡር ያመለጠውን ሰውዬ ጀመረ።

ዘኪያ ገና መቀመጫ አልተገኘላትም ነበርና ከማዶ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እነሳኒ አዞሩትና አሁን ለእኔ ቀና አለብኝ።»

መምህር ኣፅብሃ ግንባራቸውን ያዙ።